ያልተመረጡት እንደራሴያችን

ተሽሮ ያልተሻረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት አላያችሁም! በኛ አገር እኮ የሚሻረው ሹመቱ ነው እንጂ መጠሪያው አይደለም። ሰውየው ከወንበሩ ከወረደ ስንት ክረምት አልፎት፣ ጥርሱ ረግፎ፣ በከዘራ እየተደገፈ ሲሄድ እንኳ መንደሩ «ምክትል ገዢው መጡ» እያለ ከመቀመጫው ይነሣለታል። አንድ ጎረቤት ነበሩኝ፤ በጎልማሳነታቸው ዋናው ጭቃ ሹም ታሞ በተኛበት አንድ ክረምት ተተክተው ሠርተዋል። ያቺ አንድ ክረምት በልጃቸው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ከሙሽራው ስም በላይ ተጽፋ ወጣች። ታዲያ ማን ይስቃል? እኔም ሄጄ በልቻለሁ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ስለ መብላት ብቻ ያወራል። ሲሾም መሥራት አቅቶት ሲሻር ስለሠራ ሰው ምንም የሚለው የለም። እንዲህ ያለ ሰው የታለና ትሉኝ ይሆናል። አለ። ኦቦ ቶላ ይባሉ ነበር፤ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ከእንደራሴነታቸው የወደቁትም በእኔ ጥፋት ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅምና ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡልኝ።

ያን ጊዜ እኔ የሱሉልታ አስተማሪ ነበርኩ። ከጎጃም ተነሥቼ አዲስ አበባ ልገባ አንድ ተራራ ሲቀረኝ፣ የመደቡኝ ሰዎች እንጦጦን ሳያሻግሩ ከወዲህ አስቀሩኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ኋላ ለመድኩት። ሱሉልታ ያኔ ሣርና ፈረስ ነው። ወተቱና ድርቆሹ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ከከተማ ደግሞ ጨውና ወሬ ይመጣል። ሰዉ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለ ሲጨዋወት በአንዱ የጀመረውን በሌላው ይጨርሰዋል። እኔም ጠዋት «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብዬ ጀምሬ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስከራከር እውላለሁ። «ባርሲሳ» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። በዚያ ሜዳ መምህር ማለት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ደብዳቤ የሚያነብ፣ መድኃኒት የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚናገርና በትርፍ ጊዜው የሚያስተምር ሰው ነው።

ኦቦ ቶላ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ደህና ገበሬ ነበሩ። ስለ ወንዙ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በበጋ ጥጃ ዘሎት የሚያልፈው ነገር፣ ሐምሌ ሲገባ በሬ ይወስዳል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት የኛን ወንዝ ሳያዩ አልቀሩም። ገበያው፣ መንገዱና መርፌ የሚወጋው ሰው ያሉት ከወዲህ፣ ሕዝቡ ያለው ከወዲያ። አንድ ክረምት የሽማግሌው የኦቦ ጅማ ምራት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ደረሰች። ውሃው ሞልቷል። እነሱ ማዶ፣ እኛ ወዲህ፣ ሁለት ቀን ቆመን ተያየን። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ኦቦ ጅማ የልጅ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ ኦቦ ቶላን ክንዳቸውን ይዘው፣

«አንተ አንደበት አለህ። አዲስ አበባ ሂድና ድልድይ አምጣልን» አሏቸው።

በዚያው ዓመት ምርጫ ነበር። በዚያ ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በየራሱ ነው የሚወዳደረው። ፊደል የቆጠረ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ምልክት ያስመዘግባል፤ የምልክቱ ሥዕል ሣጥን ላይ ይለጠፋል፤ መራጩም ወረቀቱን ደስ ያለው ሥዕል ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ምልክቱን የሚመርጠው ማን ይሁን? ባርሲሳ ነዋ! እኔም ብዙ አላሰብኩም። በሱሉልታ ሰው ከመራመዱ በፊት ይጋልባል። ፈረስ አልኩ። ጅራቱን በጥምቀት ቀን እንደሚያደርጉት ጎንጉኜ፣ አንገቱን ደግኜ፣ አንድ ግሩም ፈረስ ሣልኩ። ገበያ ለገበያ እየዞርኩ «ፈረስ! ፈረስ! ፈረስ!» እያልኩ ለፈፍኩ። በክፍል ውስጥ እንዲያ አስተምሬ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቼ ሁሉ ሐኪም ሆነው ነበር።

ሽማግሎቹም ሸንጎ በሚቀመጡበት ጥድ ሥር ተሰበሰቡ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ «ድልድዩ እስኪሠራ ከፈረሱ አንለይም» ብለው ማሉ። ይህችን መሐላ በልባችሁ ያዙልኝ። ያን ጊዜ እኔ ከደስታዬ ብዛት እልል ያልኩባት፣ ኋላ ጉድ ያደረገችን እሷ ናት።

ፈረስ አሸነፈ። ኦቦ ቶላ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ እንጦጦን ወጥተው ወርደው፣ የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ።

የእንደራሴነት ዘመናቸውን ሁሉ ላወራላችሁ ነበር፤ ግን አጭር ነው። ሻይ ጠጡ። ድልድይ የሚሠራው መሥሪያ ቤት በሄዱ ቁጥር ዘበኛው እጅ ይነሣል፣ ጸሐፊው ከወንበሩ ይነሣል፣ ዋናው ሹም በር ድረስ መጥተው «ክቡር እንደራሴ» ብለው ይቀበሏቸዋል። ሻይ ይመጣል። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይነሣል። በመጨረሻ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» ይባልና እንደገና በር ድረስ በክብር ይሸኛሉ። በምክር ቤቱ ውስጥም አንድ ጊዜ ተነሥተው ተናግረዋል። የዚያን ቀን የቀረበው ጉዳይ የባሕር ዓሣ ማስገርን የሚመለከት ነበር አሉ። ኦቦ ቶላ ብዙ ዘመን ተራ ጠብቀው ስለ ወንዛቸው የሚናገሩበት ቀዳዳ ስላጡ፣ ብድግ ብለው «ስለ ውሃ ካነሣን አይቀር» ብለው ጀመሩ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው «ለሚመለከተው ይተላለፋል» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ አለቀ፤ ወንዙም በየክረምቱ እንደ ልማዱ ሞላ።

«ባርሲሳ፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም» አሉኝ አንድ ቀን። «ክፉ ቢሆኑማ እንጣላ ነበር። ሻይ ከሚያጠጣህ ሰው ጋር እንዴት ትጣላለህ?»

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣን።

ሁለተኛው ምርጫ ደረሰ። ኦቦ ቶላ እንዲያው ምናልባት ብለው ያን ቀንም መሥሪያ ቤቱ ስለሚሄዱ፣ የወረዳው ከተማ ጫንጮ ሄጄ ፈረሱን እንዳስመዘግብ እኔን ላኩኝ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ምልክት ቀድሞ ለደረሰ ሰው ነው። በጠዋት ተነሣሁ። ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር። የሚካኤል ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ጉዳዩ ወዲያው ይገባዋል፤ ላልሆናችሁት ግን ላስረዳ። የወሩ ተረኛ ደጋሽ ቤቱ ጫንጮ መንገድ ላይ ነው። ጸበሉን ቀምሼ ላልፍ ገባሁ። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ለመቀመጥ አላሰብኩም! ግን ማኅበር ቤት ከገቡ ሙሴው ሳይነሣ ማን ይነሣል? ሙሴው ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ የእኛው ሙሴ ደግሞ ሰማንያውን የተሻገሩ፣ አንድ ተአምር ሲነገር ሌላ የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። ጠላውም መልካም ነበር። ልዋሽ አልችልም፤ በጣም መልካም ነበር።

ጫንጮ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝና «ፈረሱን ባላምባራስ አምዴ በጠዋት ወስደውታል» አለኝ። ባላምባራስ አምዴ ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ቤታቸው ግን አዲስ አበባ የሆነ ሰው ናቸው፤ ሱሉልታን የሚያውቋት በመኪና መስኮት ነው። ብልጥ ናቸው መቼም! ሌላው የሠራውን ምልክት ከነስሙ ከነዝናው ወሰዱት። የተረፉት ምልክቶች አካፋ፣ ፋኖስና ጃንጥላ ነበሩ። እኔ ጃንጥላ ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ጠላው ያውቃል።

ለኦቦ ቶላ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ ነው የዘገየሁት አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «ጃንጥላም ደግ ነው፤ ክረምት እየመጣ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ጥፋቴን ላካክስ ጃንጥላ ሣልኩ፤ ገበያ ለገበያ ዞርኩ። «ጃንጥላ! ጃንጥላ!» እላለሁ። ሰዉ ፈገግ ይላል። ኦቦ ጅማ ዘንድ ሄጄ በግልጽ ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ዘንድሮ የኦቦ ቶላ ምልክት ጃንጥላ ነው። ፈረሱ የሌላ ሰው ነው።» አዳመጡኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣

«ገባኝ ባርሲሳ። ቶላ ልኮህ ነው። በመሐላችን መጽናታችንን ሊፈትን ነው። ንገረው፣ ሣር ይዘን የማልነውን ለጃንጥላ አንሸጥም!» አሉኝ።

ምን ይባላል? ኦቦ ቶላ ራሳቸው ሄደው ቢነግሯቸው ይባሱን ጸኑ። «አይዞህ፣ እናውቃለን» እያሉ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ። የለፋሁት ልፋት፣ ያስተማርኩት ትምህርት፣ ያ ጅራቱ የተጎነጎነ ፈረስ ጠላት ሆነብን። እናንተ ሆዬ፣ ሰው ከዳን ብሎ የሚያለቅስ ተመራጭ ሞልቷል፤ ሕዝቡ በታማኝነቱ የጣለው ግን የኛው ሰውዬ ብቻ ናቸው።

በምርጫው ማግስት ከወረዳው የመጣው ሰው ገበያ መሐል ቆሞ ውጤቱን አሰማ። ስም ቢጠራ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይለይለት ነበር። እሱ ግን ሕዝቡ እንዲገባው ብሎ ጮክ ብሎ «ፈረስ አሸነፈ!» አለ። አቤት የተሰማው እልልታ! ከማዶ ያሉት ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው፣ እየዘፈኑ፣ ሙክት እየጎተቱ በቀጥታ ወደ ኦቦ ቶላ ቤት ሄዱ። እኔ አቋራጭ መንገድ ይዤ ሮጥኩና ቀደምኳቸው።

«ንገሯቸው» አልኳቸው እያለከለክሁ። «አሁኑኑ ንገሯቸው።»

ኦቦ ቶላ ሊነግሯቸው ወጡ። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ኦቦ ጅማ ግን ከፈረሳቸው ወርደው ግንባራቸውን ሳሟቸው። «ያ የቀበርኩት ልጅ አጥንቱ ዛሬ አረፈ። አንተ እያለህ ድልድዩ አይቀርም» አሉና ዕንባቸው መጣ። ኦቦ ቶላ የተከፈተ አፋቸውን ዘጉ። እንደገና ሲከፍቱት «ገለቶማ» ብቻ ሆነ የወጣው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ባላምባራስ አምዴ ደግሞ ካሸነፉ በኋላ ዞር ብለው ስላላዩን፣ «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» ብሎ የሚከራከር እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኦቦ ቶላ ማክሰኞና ሐሙስ ካባቸውን ለብሰው በጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሰዉ ከመቀመጫው እየተነሣ «ወዴት ነው?» ሲላቸው «ስለ ድልድዩ ነው» ይላሉ። ይህ ውሸት አይደለም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ይወርዱና አንዲት የሚያውቋት ባልቴት ቤት ገብተው ካባቸውን አውልቀው ይሰቅላሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንዲት ማመልከቻ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በእግራቸው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ደግሞ ካባቸውን ለብሰው እንደራሴ ይሆናሉ። ባለቤታቸው አንድ ቀን ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ «ሲመረጡ ቤት ይውሉ ነበር፤ ሲወድቁ ጠፉብኝ» ብለው።

የዛሬ ልጆች ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። ደጅ ጥናት ማለት ሹም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መኖር ነው። ሹሙ ሲገባ ትነሣለህ፤ ሲወጣ ትነሣለህ። ካልጠየቁህ አትናገርም፤ ካባረሩህ አትቆጣም። መጀመሪያ ፊትህን ይለምዱታል። ቀጥሎ ይሰለቹታል። በመጨረሻ ይፈሩታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ሥራ ነው።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ያ ድሮ እጅ የሚነሣላቸው ዘበኛ «ተራህን ጠብቅ፣ አንተ ሰውዬ» ሲላቸው ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ሻይ የለም። ክቡር የለም። ግን ልብ በሉ፤ ለእንደራሴ ማንም የማይነግረውን ነገር አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉን ይሰማል። የትኛው ጸሐፊ ጋ ወረቀት እንደሚያድር፣ የትኛው መሐንዲስ ወደ እኛ አገር ወደ ሰላሌ መውጣት እንደሚጠላ፣ ዋናው ሹም በስንት ሰዓት ሆዳቸው እንደሚራራ። ሁሉን አጥንተውታል። ሹሙ በጓሮ በር መውጣት ሲጀምሩ ኦቦ ቶላም የጓሮውን በር አወቁት። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ አንዴም በጠዋቱ ቅዳሴ ሹሙ ዞር ሲሉ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ከፊታቸው ለጥ ብሎ እጅ ይነሣል። አንድም ቀን ክፉ ቃል አይናገሩም። ክረምቱ ወጥቶ ሌላ ክረምት ተተካ፣ እሱም ወጣ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሹሙ ያን ድልድይ የፈቀዱት የሱሉልታ ሕዝብ ወንዙን እንዲሻገር አይደለም። ኦቦ ቶላ የመሥሪያ ቤቱን ደጃፍ ዳግመኛ እንዳይሻገሩ ነው።

ያም ሆነ ይህ ድልድዩ ተሠራ! ድንጋይ በመኪና መጣ፣ ሲሚንቶ መጣ፣ ያ ሰላሌ መውጣት የሚጠላው መሐንዲስም መጣ። የምረቃው ቀን ሕዝቡ በፈረስም በእግርም ጎርፎ ወጣ። ኦቦ ቶላ ካባቸውን ለብሰው እንዲመጡ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። በጋቢያቸው፣ ከሕዝቡ ኋላ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሙ። ዋናው ሹም ከመኪና ሲወርዱ ዐይናቸው እሳቸው ላይ አረፈና በልማድ ክው አሉ። «ደግሞ አሁን ምን ቀረ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሁለተኛው መኪና ባላምባራስ አምዴ ወረዱ። ሱፍ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያብለጨልጫል። ተናጋሪው «አሁን ክቡር የሕዝብ እንደራሴያችሁ ጥብጣቡን ይቆርጣሉ» አለ። ሕዝቡ ዞሮ ባሕር ዛፉን አየ። ባላምባራሱ መቀሱን ተቀበሉ። ሕዝቡ አሁንም ባሕር ዛፉን ያያል። ያን ጊዜ ኦቦ ጅማ ዱላቸውን ተደግፈው ወደፊት ወጡ።

«ይህ ማነው?» አሉ።

«እንደራሴያችሁ ነኝ፣ አባቴ» አሉ ባላምባራሱ ፈገግ ብለው። «የትኛውን ሣጥን መረጡ?»

«የፈረሱን።»

«ፈረሱ የእኔ ነው።»

 ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። «ቶላ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ቶላ ከሩቅ።

«የአንተስ ምን ነበር?»

«ጃንጥላ። ነግሬዎት ነበር።»

ኦቦ ጅማ ራሳቸውን ያዙ። ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ፤ መሐላ ጨዋታ አይደለም። እሳቸው ግን ድንገት ሳቅ ይዟቸው ዱላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ዋቃዮ፣ አምላኬ! ፈረሱን ለዚህ ሰጥተን ጭነቱን አንተ ላይ ጫንነው በለኛ!» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራሱም ምን ያድርጉ፣ አብረው ሳቁና ጥብጣቡን ቆረጡ። ግን አንድም ሰው አልተሻገረም። ሁሉም ቆሞ ኦቦ ቶላን ጠበቀ። እሳቸው መጥተው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙና ወደ ኋላ ዞረው የኦቦ ጅማን ምራት በእጃቸው ጠሯት። ልጅ አዝላ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የወለደችውን። እሷ ቀድማ ተሻገረች። እኔ አለቀስኩ፤ አፍንጫዬንም በኮቴ እጅጌ ጠረግሁ። አስተማሪ ነኝ ብዬ አላፈርኩም።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሦስተኛው ምርጫ ሲቃረብ ሽማግሎቹ ጥዱ ሥር ተሰብስበው ኦቦ ቶላን አስጠሩ። በደላችንን እንካስ፣ ተወዳደር አሏቸው። ሽማግሌ ተወዳደር ካለ እምቢ አይባልም። እሺ አሉ። ነገር ግን ሽማግሎቹ ሣር ሊነጩ ሲያጎነብሱ «ሣሩ ይቅር፤ ከብት ይብላው» ብለው አስተዉአቸው። ከዚያ እኔን ጠርተው ወደ ጫንጮ ላኩኝ።

«ባርሲሳ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ዐሥራ አራት።»

«ጥሩ ነው። ሚካኤል አልፏል። ጎማም አይፈነዳም።»

 ለካ ያን ቀን ጠላ ስትቀዳልኝ የዋለችው ሴት የባለቤታቸው አበልጅ ናት! ይህን ሁሉ ዘመን አውቀው አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝና፣

«አህያ አስመዝግብ» አሉኝ።

«ምን?»

«አህያ።»

ለመንኳቸው። በሬ፣ ጎራዴ፣ ዝግባ፣ ያሻዎትን ይምረጡ አልኳቸው። እምቢ! ሕዝቡ ሸክሙን የተሸከምኩት እኔ መሆኔን ያውቃል፣ አህያ ይስማማኛል አሉ። ነገሩ ትሕትና መሰለኝና ልቤ ተነካ። አህያ ሣልኩ፤ በተቻለኝ መጠን አሳመርኩት። ፈረሱን ዳግመኛ ያስመዘገቡት የባላምባራሱ ሰዎች ግን ገበያውን በአንድ ተረት ሞሉት፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» እያሉ።

የምርጫው ዕለት ሰዉ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፣ አህያው ሣጥን አጠገብ ይቆማል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ጎረቤቱ ሲያየው ያፍራል፣ እንደ ምንም ይንሸራተትና ፈረሱ ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ኦቦ ጅማ ሲወጡ ፊታቸው በላብ ረጥቦ ነበር። «ባርሲሳ፣ ለቶላ ብዬ ገባሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ግን አባቴ ፈረሰኛ፣ አያቴ ፈረሰኛ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ፈረስ አሸነፈ። ሰኞ ጠዋት ኦቦ ቶላን ላጽናና አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ግቢያቸው በሰው ተሞልቷል። አንዱ የርስት ክርክር፣ አንዱ የጠፋ በቅሎ፣ አንዱ የታሰረ ወንድም ይዞ ተራ ይጠብቃል። ባላምባራሱን የመረጠው ሕዝብ በሙሉ እዚያ ነው። ኦቦ ቶላ ከመካከላቸው ተቀምጠው ጫማቸውን ያጸዳሉ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አዝናለሁ፣ ኦቦ ቶላ» አልኩ።

«ለምን ታዝናለህ?» አሉኝ፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ አሉ። «ሽማግሎቹ ተወዳደር አሉኝ፣ ተወዳደርኩ። የሱሉልታ ፈረሰኛ ለአህያ ድምፅ እንደማይሰጥ አንተ አታውቅም? ይልቅ ተቀመጥና ጻፍልኝ። ክሊኒክ ያስፈልገናል። እንደራሴ ሆኜ ብሄድ ሻይ ነው የሚሰጡኝ።»

ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ማመልከቻው አምሮ ወጣ። ከሥሩ «የሱሉልታ ሕዝብ እንደራሴ» ብዬ ላሳርገው ብዕሬን ሳነሣ እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«ኧረ ተው!» አሉ ግቢውን ገልመጥ እያደረጉ። «ሰምተው በእውነት መርጠውኝ ሊያበላሹብን ነው። ደጅ ጠኚ ቶላ በለው።»